በካርቶን የያዝኩት እጅ

ማክሰኞ ጠዋት ናይሮቢ ካለው ሰፈራችን ከኢስትሊ የወጣሁት አንድ እጅ በካርቶን ይዤ ነው። የሠራሁት ከተጣሉ ፕሪንተሮች ሞተርና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ሦስት ጣት አለው፤ አራት መቶ አሥር ግራም ይመዝናል። የምሄደው ከዌስትላንድስ አለፍ ብሎ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ ዶክተር ንጄሪ የሚባሉ መምህርት የቤት ውስጥ ሥራ የሚሠሩ ሮቦቶችን ያጠናሉ፣ ያስተምራሉም። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ተማሪ ሆኜ አላውቅም፤ የማውቀውን የተማርኩት ስልክ እየጠገንኩ ነው። ዶክተሯ ግን ተማሪያቸው ሳሚ ስለ እጁ ሲነግራቸው፣ “እንግዳ ማስታጠብ ከቻለ ሠሪው ለአንድ ሴሚስተር ከእናንተ ጋር ይቀመጥ” አሉት። የጉዞዬ ምክንያት ይህች አንዲት ወንበር ነበረች።

አክስቴ አልማዝ የምግብ ቤቷን በር እየከፈተች ካርቶኑን አየችው።

“እጅ ስትሠራ አፍ እንዳለህ ረሳህ” አለችና ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ከተተችልኝ።

አንድ ሰዓት፣ ማታቱ ውስጥ

ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሰማያዊ መብራት ጣሪያው ላይ ይዋልላል፤ ሙዚቃው ከወንበሩ ሥር እንደ ልብ ይመታል። ሂሳብ ተቀባዩ ካርቶኑን በጣቱ አንኳኳ።

“ሂ ኒ ኒኒ፣ ቦስ?” ብሎ ምንነቱን ጠየቀኝ።

“እጅ ነው።”

“የማን?”

“ገና የማንም አይደለም።”

“እንግዲያው ጭንህ ላይ ያዘው። ወንበር ከያዘ ይከፍላል።”

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ስልሳ ሽልንጌን በስልክ ከፈልኩ። ፓርክላንድስ ስንደርስ የጃካራንዳ አበባ አስፋልቱ ላይ ረግፎ፣ መንገዱ ከእንቅልፍ ያልነቃ ወንዝ መስሏል። እኛ ቆመን ዛፎቹ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ክዳኑን ገለጥ ሳደርግ የመኪናው ንዝረት አንዱን ጣት ያንቀሳቅሰዋል፤ ተኝቶ የሚያልም ሰው ጣት ይመስላል። መልሼ ከደንኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ላቦራቶሪው

ላቦራቶሪው ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱ ቤት ይመስላል። ማንም የማይተኛበት አልጋ፣ ጋዝ የሌለው ምድጃ፣ አንድ ሸሚዝ ብቻ የተሰጣበት ገመድ አለ። የሰው ሕልም ውስጥ ሳላንኳኳ የገባሁ መሰለኝ። መሐል ላይ ጎማ ያለው፣ ፊት የሌለው፣ ባለ አንድ ክንድ ሮቦት ቆሟል።

“ካሪቡ፣ ግባ ብሮ! አትፍራው፣ እሱም ኢንተርቪው አለበት” አለኝ ሳሚ። ናይሮቢ ተወልዶ ስላደገ አማርኛው እንዲህ ነው።

የሠራሁትን እጅ ከሮቦቱ ክንድ ጋር በስድስት ብሎን አሰርን። ሮቦቱን ለማስተማር ክንዱን ይዞ ሥራውን ማሠራት ነው፤ እሱ እንቅስቃሴውን መዝግቦ ይደግመዋል። ሁለት ወንበር ነበር፤ አንዱ በበሩ፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል። በበሩ በኩል ሳሚ ሳፋ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ ማማ አቺየንግ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴት፣ “ትንሽ ልረፍ” ብለው ሌላ ሳፋ ይዘው ተቀመጡ። ክንዱን ጆግ አስይዤ አሥራ አራት ጊዜ አስታጠብኳቸው። የውሃውን መጠን፣ የጆጉን ዘንበል ማለት፣ የሞተሩን ሙቀት በየጊዜው ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

“እጄ እንደ ዛሬ ነጽቶ አያውቅም” አሉ ማማ አቺየንግ፤ መጥረጊያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ስምንት ሰዓት፣ ፈተናው

ዶክተር ንጄሪ አሥራ አንድ ተማሪ አስከትለው መጡና በበሩ በኩል ባለው ወንበር ተቀመጡ። እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘረጉ። ሮቦቱ ተንቀሳቀሰ። ጣቶቼ ጆጉን ጨብጠዋል፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ዶክተሯ ጋ ደረሰ።

አለፋቸው።

መስኮቱ ጋ ሄዶ፣ ባዶው ወንበር ፊት ጎንበስ አለ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ውሃውን በእርጋታ ወንበሩ ላይ አፈሰሰው።

“ብሮ፣ ዶክተሯን እኮ ዘለልካት!” አለ ሳሚ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ የማየው ከወንበሩ ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነበር። የእኔም ወንበር አብራ የፈሰሰች መሰለኝ።

“ለምን አለፈኝ?” አሉ ዶክተሯ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ይህ ግን የለም።

“ማማ አቺየንግ ታላቅ ናቸው” አልኩ። “አክስቴ ቤት ውሃ ከታላቅ ነው የሚጀመረው። አሥራ አራቱንም ጊዜ ከእሳቸው ጀመርኩ። አላሰብኩበትም፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።”

የዶክተሯ ደረቅ እጅ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። “እኛም ቤት ከእናቴ በፊት የታጠበ ወዮለት” አሉ። ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። “እናንተስ ከየትኛው ወንበር ነበር የምትጀምሩት?”

“ከበሩ” አለች አንዷ። “ቅርብ ስለሆነ።”

“ከእናንተ ቢማር ኖሮ የሚማረው ቅርቡን ነዋ” አሉ ዶክተሯ። ከዚያ ለእኔ፦ “እጁ ይሠራል። ሐሙስ ና፣ ወንበር አለህ። መጀመሪያ ግን ቆመህ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሳይነገር የሚደረግ ምን ምን እንዳለ ትነግራቸዋለህ።”

“ምን ምን እንዳለ አላውቅም።”

“ሄደህ እያ።”

ወንበሩን ስወለውል ማማ አቺየንግ ተመለሱ። “ወንበሬን ማን አጠበው?”

“ለእርስዎ ነበር” አልኳቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኢስትሊ

ስመለስ ዝናብ ነበር፤ የመኪኖቹ መብራት መስታወቱ ላይ እየቀለጠ ይወርዳል። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ጆጉን አንሥቼ እንግዶቹን እያስታጠብኩ ራሴን ማየት ጀመርኩ። እጅጌ እስኪሰበሰብ እጠብቃለሁ። እንግዳው ጣቱን ቀና ሲያደርግ አቆማለሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ “ታላቅ ይቀድማል” ብዬ ጽፌ ቀና አልኩ።

በቤቱ ካለው ሰው ሁሉ ታላቋ አክስቴ ነበረች። ስድስት ዓመት ለመጣ ሁሉ ውሃ አፍስሻለሁ፤ ለእሷ አንድም ቀን። ሁልጊዜ ሁላችን በልተን ስናበቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ትታጠባለች። ከጻፍኩት ሥር “ያበሰለችው ካልሆነች” ብዬ ጨመርኩ። እጄ የሚያውቀው ሕግ ይህ ነበርና።

ጆጉን ይዤ ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ።

“እጅሽን ዘርጊ።”

“ምን ነካህ? እንግዳ ቁጭ ብሎ!”

“ሐሙስ ይጠይቁኛል።”

“ስለ እኔ እጅ?”

በርበሬ የነካው እጇን አየችው። እጅጌዋን በክርኗ ገፋች፤ ጠበቅኩ። አፈሰስኩ። ጣቶቿን ቀና አደረገች፤ አቆምኩ።

“ነገ” አለች እጇን እያደረቀች፣ “ለብ ያለ አድርገው።”

ይህንንም ጻፍኩት።