ሳይከፈት የገባው የወዳጅ ጆንያ

አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡን ያዘና፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የከበደው?» አለ። እናቷ፣ «ታዲያ አፉን ፈትተህ አታየውም ነበር?» ስትለው ተቆጣ።

«ነጋዴው የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው። ፊቱ ቆሜ ጆንያውን ስፈታ ሌባ ነህ ማለቴ አይደለም ወይ?»

የወፍጮ ቤቱ ማኅተም በቦታው ነበር፤ ስፌቱም ደህና ነበር። ዱቄቱ ግን ለዘር ተብሎ በፀረ ተባይ ከታሸ ስንዴ የተፈጨ ነው። አንድ አጭበርባሪ መድኃኒቱ እንዳይታወቅበት ስንዴውን አጥቦ፣ በቅጡ ሳይደርቅ አስፈጭቶ፣ በነጋዴው መጋዘን ከደህናው ጋር ደባልቆታል። ያ ሁሉ ክብደት የእርጥበቱ ነበር። ነጋዴው ራሱ አላወቀም፤ እሱም ቤት የተበላው ከዚያው ነው።

ታናሽ ወንድሟ በሁለተኛው ቀን ሞተ። እሷ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ተረፈች፤ የግራ እጇ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣሉ። አባቷ ነገሩ የገባው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ወዳጄን እንዴት አሳጣለሁ፣ እኔስ ምን እባላለሁ ብሎ ሁለት ቀን አፉን ዘጋ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ጎረቤቶቹ ከዚያው መጋዘን ገዝተው በሉ።

ስታድግ በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ተቀጠረች። ሌላው ሠራተኛ ካርቶን ቆጥሮ ሲፈርም፣ እሷ ቆጥራ፣ መዝና፣ ከየዓይነቱ አንዱን ከፍታ ካላየች ብዕር አታነሳም። ወረፋ የሰለቻቸው ሾፌሮች «ሚዛን» አሏት፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት ለመጋዘኑ ኮምፒውተር መጣለት። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ እየተበላሸ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ሲያንገሸግሻት መጽሐፍ ገዝታ ራሷን ማስተማር ጀመረች።

የእህቷ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የልጆች ሥራ ነው» ሲላት፣ «ልጆቹ ሲመቻቸው ይምጡ፤ እስከዚያ መጋዘኔ ቆሞ አይጠብቃቸውም» አለችው። በአምስተኛው ዓመት ወደ ኮምፒውተር ክፍል አዛወሯት።

ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። የማጠቢያው ማሽን ሲዞር የእሷ ጠረጴዛ አብሮ ይርገበገባል። እዚያ መጀመሪያ የተማረችው ነገር አስገረማት። የሆስፒታሉ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚያ ቤት የተጻፈ አይደለም፤ ከአራት መቶ በላይ ከሚሆኑ ዝግጁ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። እነዚህን ክፍሎች፣ ባለሙያዎቹ ፓኬጅ የሚሏቸውን፣ በየአገሩ ያሉ መልካቸው የማይታወቅ ሰዎች ጽፈው፣ የፈለገ ይውሰድ ብለው በነጻ አኑረዋቸዋል። ጸሐፊው ባሻሻላቸው ቁጥር አዲሱ ሰተት ብሎ ይገባል።

«ገብቶስ ማን ይከፍተዋል?» ብላ ጠየቀች።

«እትዬ ሚዛን፣ አራት መቶ ነው እኮ!» አላት የክፍሉ አለቃ፤ ልጇ ሊሆን የሚችል ችኩል ሰው ነው።

«መጋዘን አራት ሺህ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣች። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከመስመር ነቅላ ማቆያ አደረገችው። አዲስ የመጣ ፓኬጅ ሁሉ እዚያ ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ መጠኑ በኪሎባይት ይመዘናል፣ ይከፈታል፣ የተለወጠው ይነበባል። አለቃው ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት፣ «ዛሬ ስንት ኪሎ ገባ?» ይላታል። እሷም፣ «ካንተ ምሳ ያንሳል» ትለዋለች።

ከዚህ ደንብ ነጻ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባሕር ማዶ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። የእሱ ፓኬጅ የላቦራቶሪ ውጤትን ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላ ይቀይራል። ትንሽ ሥራ ናት፤ ከተሳሳተች ግን መድኃኒት በአሥር እጥፍ ይታዘዛል። አንድ ቀን ስህተት አግኝታ ጻፈችለት፤ በማግስቱ አርሞ አመሰገናት። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ተጻጽፈዋል። እሷ የጉልበቱን ሕመም ታውቃለች፣ እሱም የጣቶቿን መንቀጥቀጥ። ለሌሎች አምስት ሆስፒታሎችም «ይህን ውሰዱ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ» ብላ ያስገባችላቸው እሷ ናት። «የእሱ በቀጥታ ይግባ» ብላም በገዛ እጇ አዘዘች። ክብደቱን መጻፍ ብቻ አልተወችም፤ ያም ልማድ ሆኖባት እንጂ ጠርጥራ አይደለም።

ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ሲቀራት፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሳምንቱን ክብደት ስትጽፍ እጇ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ኪሎባይት የነበረው የመምህሩ ፓኬጅ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኗል። አብሮት የመጣው ማስታወሻ «ሁለት መስመር ታርሟል» ይላል። በሁለት መስመር እንዲህ የሚወፍር ነገር አይታ አታውቅም። ከፈተችው። ከመምህሩ ንጹሕ ጽሑፍ መሃል ትርጉም የለሽ የሚመስል ረጅም የፊደል ሰንሰለት ተወሽቋል። ሰንሰለቱን ስትፈታው ጉዱ ወጣ። የሕሙማኑን መዝገብ የሚከፍቱትን የይለፍ ቃሎች እየለቀመ ወደማይታወቅ አድራሻ የሚልክ ነው። ከገባ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሰውን ሁሉ ወረፋ ስታስጠብቅ ኖራ፣ በሩን የከፈተችው ራሷ ሆነች። አሮጌውን መልሳ አዲሱን ብታጠፋ ማንም አያውቅም። ወዳጇም ስሙ አይነሳም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ አንድ ዙር አጥቦ እስኪጨርስ አልተነሳችም። ጠረጴዛው መርገብገቡን ሲያቆም አምስቱ ሆስፒታሎች ትዝ አሏት፤ ጎረቤቶቹም ትዝ አሏት። ተነሥታ አለቃው ዘንድ ሄደች።

«ዋናውን መስመር አስነቅል። የይለፍ ቃሎቻችን ወጥተዋል።»

«ማን ነው ያስገባው?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እኔ።»

«እትዬ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«ቀልድስ በሆነ። የመምህሩ ነው። ሳልከፍተው አስገባሁ።»

መስመሩን አስነቀለና በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይስሙኝማ» አላት። «የይለፍ ቃሉን ሁሉ እንቀይር፣ ፓኬጁን እናውጣ፤ በቃ። ለምን ስምዎን ያነሳሉ? ስምንት ወር ነው የቀረዎት። ለጡረታ ግብዣው ሰው ሁሉ ጓጉቶ እየጠበቀ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። የሌሎቹን መጋዘን ግን ማን ይዘጋል?»

ስልኩን ከፊቱ ስባ ደወለች። ከአምስቱ ሆስፒታሎች ሁለቱ አስገብተውታል፤ ሦስተኛው በማግስቱ ጠዋት ሊያስገባ ነበር። ከዚያ ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን የኢንተርኔት ማከማቻ ለሚጠብቁት ሰዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈች፤ አዲሱ ፓኬጅ ወዲያው ተነሣ። መጨረሻ ላይ መምህሩ ዘንድ ደወለች። የሆነውንና የጻፈችውን ማስጠንቀቂያ ነገረችው።

«ረዳቴ ነው» አለ። «ዓመት ሙሉ በነጻ ሠርቶልኛል። ዓይኔን ስታከም ፓኬጁን የማሻሽልበትን ቁልፍ ሰጠሁት። እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለሽ!... ማስጠንቀቂያው ላይ ስሜን ጻፍሽው?»

«ፓኬጁ የሚታወቀው ባንተ ስም ነው፤ ካልጻፍኩት ማን ይጠነቀቃል? የእኔንም ከጎንህ ጽፌዋለሁ፤ ሳልከፍት ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ላኪልኝ» አለ። «እኔም ልፈርምበት።»

ሁለት ቀን የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ተጻፈ። ነርሶቹ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ «የሚዛን ደረጃ» እያሉ ቀለዱባት። ከአንዱ ሆስፒታል የሦስት መቶ ያህል ሕሙማን መዝገብ መወሰዱ ተረጋገጠ፤ ከእሷ ሆስፒታል ግን አንድም መዝገብ አልወጣም። አስተዳደሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። አጥፋ ከክብደት መዝገቧ ውስጥ ከተተችው፣ በዚያው ሐሙስ ገጽ ላይ። የመምህሩም ፓኬጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሌላው ሁሉ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ሲነግሩት፣ «ዘጠኝ ዓመት ዘገያችሁ» ብሎ ሳቀ።

በመሰናበቻዋ ቀን አለቃው ኬኩ እስኪቆረስ አልጠበቀም። «እትዬ ሚዛን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሠሩት ትልቁ የትኛው ነው? ያን ፓኬጅ መያዝዎ ነው አይደል?» አላት።

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ አሰበች።

«እሱንማ ሚዛኑ ነው የያዘው» አለች። «አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ወዳጁን አመነ፣ ከዚያ አፈረ፣ ሌላ የለውም። እኔም ወዳጄን አምኜ ሳልከፍት አስገባሁ፤ አፈርኩም። በዚህ ከአባቴ አልሻልም። እሱ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀበት፤ እኔ ያ ማሽን አንድ ዙር እስኪያጥብ፣ አርባ ደቂቃ። በዕድሜዬ ሁሉ ያሻሻልኩት ይህንን ነው። አርባውም ደቂቃ ቢሆን ብዙ ነበር።»