ይቅር ያልኩት ስንዴ

ሰው ኦዲተር ይፈራል ይባላል። ሐሰት ነው። በሥራው ዘጠኝ ዓመት ስቆይ እኔን የፈራ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ሻይ ያዝዙልኛል፣ ወንበር ይጠርጉልኛል፣ “ቤተሰብ እንዴት ነው?” ይሉኛል። የሚፈራው መዝገቡን የምገልጠው እኔ ነኝ።

ሮቤ ውስጥ አንድ የዘር አክሲዮን ማኅበር ነበር። የሲናና ወረዳ ገበሬዎችና የከተማው ነጋዴዎች አክሲዮን ገዝተውበት፣ የስንዴ ዘር እያባዛ ይሸጣል። የአዲስ አበባው ኦዲት ቢሮዬ ሒሳቡን እንድመረምር የላከኝ የጎባ ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ኦሮምኛውንም ሰዉንም ታውቃለህ ተብዬ። ሰውን ማወቅ ለኦዲተር ይጠቅማል ብሎ ያሰበው አለቃዬ ጎባ ኖሮ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ቆጠራ ገባሁ። ለዘር የሚሆን ስንዴ ተባይ እንዳይነካው መርዝ ይቀባል፤ ሰው ተሳስቶ እንዳይበላውም ሮዝ ቀለም ይጨመርበታል። ከዘር ጊዜ የተረፈው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። እኔ ግን ከመጋዘኑ ጀርባ በርሜሎች ተደርድረው አየሁ። ሁለት ሠራተኞች ስንዴ እያጠቡ ሸራ ላይ ያሰጣሉ። ወደ ቦዩ የሚወርደው ውኃ ሮዝ ነው። “አይበላም” የሚል የተጻፈባቸው ጆንያዎች ተገልብጠው፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ እንደገና እየተሞሉ ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ፣ እዚያው ያረጀች ሴት፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

“አንተ የተላክኸው ለመቁጠር ነው ለማሽተት?”

“ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?”

“ወፍጮ ቤት ነዋ። ታጥቦ የት ይሂድ፣ ቅዳሴ?” አለችና ዞር ዞር ብላ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ማክሰኞ አንድ መኪና ወጥቷል። እኔ አልነገርኩህም።”

ደንቡን አለቃዬ እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንቶኛል። ኦዲተር ሕገወጥ ነገር ሲያገኝ በቅድሚያ ለሥራ አስኪያጁ ያሳውቃል። ሥራ አስኪያጁ ካላረመ ለቦርዱ በጽሑፍ። ቦርዱ ዝም ካለ ማኅበሩን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ያም ካልሆነ ሥራውን ይለቅና ለምን እንደለቀቀ ይጽፋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ቅድመ አያቴ አገሩ በጦር ሲያዝ ከሰሜን መጥቶ ጎባ የሰፈረ ወታደር ነው። በእሱ ዘመን መሬቱ ከነባለቤቱ ለወታደሩ ይሰጥና ወታደሩ መልከኛ ይባል ነበር። ባላገሩ መልከኛው ሲበድለው አቤት የሚለው ለዚያው ለመልከኛው ነው። መልከኛው ሰምቶ ይፈርዳል፤ ባላገሩ ማር ይዞ ይመጣና ይታረቃሉ። ቤታችን ውስጥ ይህ እንደ ደግነት ሲወራ አድጌአለሁ። ስለዚህ እኔም ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፤ ለዚያውም በቃል።

እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

“እናትህ አሁንም ጎባ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው?” አለኝ።

“አዎ።”

“ጎበዝ ሴት ናቸው።”

ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። ከሮቤ ጎባ፣ የማድርበት እናቴ ቤት፣ አጭር መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር የሚገባውን ሁሉ ፊቱን አየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት መጡ፤ አንድ ሐጂ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ጸሐፊና የሥራ አስኪያጁ አማች። ሐጂው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ቆሞብህ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ ለሠርጉም ለቀብሩም ሰው አያገኝም።

“ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ” አሉ ሐጂው፣ “ለአራራ ነው የመጣነው፣ ለእርቅ። አጥፍቷል። ለአላህ ብለህ ይቅር በለው።”

“እኔን አልበደለኝም፣ አባባ።”

“አልሐምዱሊላህ! ካልበደለህማ ቀላል ነው።”

“የተበደለው ስንዴውን የሚበላው ሰው ነው።”

ጸሐፊው ሳቁ። “እሱን ሰውዬ ጥራውና እናስታርቃቸው።”

አማችየው አልሳቀም። “እናትህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት” አለ። “አንተ ሰኞ አውቶቡስ ትሳፈራለህ።”

“ሐጂን አስቁመህ ትከራከራለህ?” አለች እናቴ ከወዲያ። “ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!”

ሣሩን ተቀበልኩ። “ይቅር ብያለሁ” አልኩ። ሐጂው መረቁኝ፣ ጸሐፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የራሴ ያልሆነውን በደል ይቅር ስል የተሰማኝ እፎይታ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔ ዘመድ ልጠይቅ ወጥቼ ሳለ፣ አንድ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ለእርቁ ብሎ ግማሽ ኩንታል የስንዴ ዱቄት ልኮልናል። ስመለስ ጆንያውን ገልጬ አየሁት፤ ነጭ ነው። ከተፈጨ በኋላ ቀለም የት ይታያል? አሸተትኩት። ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ሰውዬው ሳያስበው ከደጁ ያገኘውን ልኮ ይሁን፣ ወይም ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ይኑር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

“አትንኪው” አልኳት እናቴን።

“የእርቅ ዱቄት ይጣላል እንዴ? ነውር ነው።”

“እማዬ፣ መርዝ ሊኖርበት ይችላል።”

እጇ ጆንያው አፍ ላይ ቀረ። “ውይ” አለች፣ “አንተ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ለጎረቤት አድዬ ነበር እኮ። ለአራት ቤት።”

አራቱንም ቤት ሮጥኩ። ሦስቱ መለሱልኝ፤ አንደኛዋ “የሰጡትን የሚነጥቅ!” ብላ ሰድባኝ። አራተኛዋ ጋግራ ልጆቿ በልተው ነበር። ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ቆሜ አየኋቸው። እስኪመሽ እዚያው ቆምኩ። ምንም አልሆኑም፤ በማግስቱም ደህና ነበሩ።

ሰኞ ለአለቃዬ ደወልኩ።

“በቃል ነው የነገርከው?” አለኝ።

“አዎ።”

“እንግዲያው አልነገርክም።”

በዚያው ቀን ለቦርዱ ጻፍኩ። ቦርዱ “ጉዳዩ በሽማግሌ ማለቁን ሰምተናል” ሲል መለሰ፤ ማኅተም አድርጎ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ። ሰዎቹ ሲመጡ መጋዘኑ ተጠርጎ፣ በርሜሎቹ የዝናብ ውኃ ይዘው ቆመዋል። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ስንት መኪና እንደወጣ መዝገብ የለውም። አንዱ መኪና ወደ ብድሬ ከተማ ሄደ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሥራዋን አጣች። የእናቴን ቤት ማንም አልነካውም፤ ሰላምታ የሚሰጣት ግን ቀነሰ፣ እሷም እኔን ብዙ ጊዜ አልጠየቀችኝም።

በነዚያ አራት ቀናት ሐኪም ቤት የገባ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ፈርቼ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ የዚያ አገር ሰው ከሆንክ፣ ወይም ዘመድህ ከሆነ፣ ጠይቅልኝ። የወፍጮ ቤት ዱቄት በልቶ የታመመ፣ ሆዱን ይዞ የወደቀ፣ የሞተም ካለ፣ ጻፍልኝ። በቃል አትላክብኝ። ጻፈው።