ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሠላሳ ስድስት ከአምስት

የልብስ ፋብሪካው ሰዎች «ሜትሯ» ይሏታል። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትር ሳታንጠለጥል ታይታ አታውቅም። ሥራዋ ጥራት ቁጥጥር ነው፤ የሸሚዝ እጅጌ ግማሽ ሴንቲሜትር ካጠረ ከሩቅ ትለየዋለች፤ ከለየችው ደግሞ ምሕረት የላትም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በጠባይ ተቃራኒዋ ነው፤ መሪው ፊት የማስጠንቀቂያ ቀይ መብራት ሲበራ መብራቱን በፕላስተር ሸፍኖ መንገዱን የሚቀጥል ሰው። «መኪናዬን እኔ አውቃታለሁ፤ የማያውቃት መብራቱ ነው» ይላል።

የባሏ ካንሰር ራሱ የተገኘው በዚሁ ጠባያቸው ነው። አንድ ቀን ጠዋት የደንብ ልብሱ ኮሌታ አልቆለፍ አለው።

«ይሄ ሸሚዝ ታጥቦ ገባ።»

ሜትሯ ኮሌታውን ለካች፤ ቀጥላ አንገቱን ለካች። «ኮሌታው ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ስንገዛውም ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። የጨመርከው አንተ ነህ።»

አንገቱ ሥር ያበጠችው እጢ ተመረመረች፤ ስሟም ታወቀ። ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘለት፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ እንደ መስመር ካርታ ነው የያዘው፦ ስድስት ፌርማታ፣ ከዚያ መውረድ። የመጨረሻውን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ነገረ። ሐኪሙ ሳይቀር ቀኑን ከሱ ነበር የሚጠይቀው።

የኬሞ ክፍሏ ነርስ ግን ሜትሯን ለብቻዋ ጠርታ የነገረቻት ሌላ ነገር ነው። «ስሚኝ እህቴ፤ ማስመለሱም፣ ፀጉሩም፣ የአፉ ቁስልም ያልፋል። አንቺ ከሁሉም በላይ ሙቀቱን ያዢ። ሠላሳ ስምንት ከገባ ነገ አትበይ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ ልየው አትበይ፤ ይዘሽው ነይ። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሱን ስለሚያወርደው፣ ለኛ ትንሽ የሆነው ኢንፌክሽን እሱን ሊገድለው ይችላል።»

ለሜትሯ እንዲህ ያለ ቃል መንገር ለአሳ ዋና መፍቀድ ነው። በማግሥቱ ከፋብሪካው ባዶ የመቆጣጠሪያ ቅጽ አምጥታ፣ «እጅጌ»፣ «ኮሌታ»፣ «ቁልፍ» የሚሉትን ሰርዛ «ሙቀት»፣ «የጠጣው»፣ «የበላው»፣ «ያስመለሰው»፣ «ሽንት ቤት» ብላ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

«ሽንት ቤቴን ማቀዝቀዣ ላይ? እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳ ተከልክሏል።»

ቤቱ በአዲስ ደንብ መተዳደር ጀመረ። የማቅለሽለሽ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ካቅለሸለሸው በኋላማ ክኒኑም አብሮ ነው የሚወጣው። የብረት ማንኪያ አፉ ውስጥ ዝገት ዝገት ስላለው በላስቲክ ማንኪያ ይበላል። ሽንኩርት የሚጠበሰው እሱ ለእግር ጉዞ ሲወጣ ነው። ምግቡ ሽታው እንዳይበረታበት ቀዝቅዞ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀርባል። አፉን በጨው ውሃ በቀን አራት ጊዜ ይጉመጠመጣል። ፀጉሩ በሁለተኛው ዙር ረገፈ፤ የአራት ዓመት ልጃቸው ሚጣ አናቱን እየዳሰሰች «አባዬ እንቁላል ሆነ» ብላ ለመንደሩ አወጀች። ሜትሯ ሥራ ስትውል የሚጠብቁት እናቱ ናቸው። አማቷ በደንቡ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ፤ ማለትም እሷ እስክትወጣ ድረስ።

በሁለተኛው ዙር አተኮሰው። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛ፣ ሦስተኛው ዙርም በሳምንት ተገፋ። ሹፌሩን ያንገበገበው ትኩሳቱ አይደለም፤ የተገፋው ሳምንት ነው። ለሰው ሁሉ የነገረውን ቀን እንደገና መንገር ነበረበት። «ሰዓቱን የማያከብር ሹፌር ምኑን ሹፌር ነው?» እያለ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ግን ደህና ሄደ። አምስተኛው ዙር ሲመጣማ ሜትሯ ነፍሷ መለስ ብሎ ነበር። ጠዋት ሚጣን እያለበሰች፣ ማታ ወጥ ቤት እየተራወጠች «ስንት ነው?» ብላ ትጮኻለች፤ እሱም ከመኝታ ቤት «ሠላሳ ስድስት ከአምስት!» ይላል። ትጽፋለች። በማግሥቱም ሠላሳ ስድስት ከአምስት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቅጹ እንደተተኮሰ ሸሚዝ አንዲት መጨማደድ አልታየበትም። ለነርሷ ላሳያት ብላ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በአሥረኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ አንዷን የመስመር ተቆጣጣሪ አቁማ ታፋጥጣት ነበር።

«እነዚህ ሃያ ሸሚዞች እጅጌያቸው ሁሉ ስልሳ ሁለት ከአምስት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሃያ መንታ ወለድሽ በይኛ! ጨርቅ ይሳባል፣ መርፌ ይስታል፣ እጅ ይደክመዋል። የተለካ ነገር እንዲህ አይመሳሰልም፤ እንዲህ የሚመሳሰለው ያልተለካ ነው! አንዱን እንኳ አል...»

ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወረቀት ትዝ አላት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ተቆጣጣሪዋ እስከ ዛሬ ድረስ ይቅር የተባለችበትን ምክንያት አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሹፌሩ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገውለታል።

«እማማ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ትንሽ ሞቅ አለውና... አትንገሪያት አለኝ፤ ትደነግጣለች ብሎ።»

የሙቀት መለኪያውን ብብቱ ሥር ወሸቀችው። ጢጥ ሲል አወጣችው፤ ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ።

«ተበላሽቷል ይሄ ዕቃ» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሜትሯ መለኪያውን በአልኮል ጠርጋ ራሷን ለካች፤ ሠላሳ ስድስት ከሰባት። አማቷን ለካች፤ ሠላሳ ስድስት ከሦስት። ሚጣም «እኔንም! እኔንም!» ብላ ክንዷን አነሣች፤ ሠላሳ ስድስት ከስምንት።

«ዕቃው ጤነኛ ነው» አለች። «የተበላሸኸው አንተ ነህ። ለመሆኑ በዚህ ዘጠኝ ቀን ስንት ጊዜ ለካኸው?»

«የመጀመሪያውን ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ጥሩ ቁጥር ነበር፤ ምን ያስቀይረዋል? አንድ ዙር ነው የቀረኝ። ካየሁት ልትወስጂኝ ነው፣ ከወሰድሽኝ ሊያስተኙኝ ነው፣ ካስተኙኝ ቀኑ ሊገፋ ነው።»

«ካላየኸውስ?»

አማቷ ጨርቁን አንሥተው የራሳቸውን ፊት ጠረጉበት።

ታክሲ ውስጥ ጥርሱ እየተፋጨ እንኳ «ማርሽ ቀይር እንጂ ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስጩኸው» ሲል ነበር። ሜትሯ መስኮቱን እያየች ሌላ ነገር ታስብ ነበር። የእጅጌ ውሸት በአንድ እይታ የምትይዝ ሴት፣ መኝታ ቤቱ አሥር እርምጃ እየራቃት አንድ ቀን እንኳ ገብታ ያላየችው ለምን ይሆን? ሥራ በዝቶባት ነው? በዝቶባታል። ግን ቁጥሩንም ወዳው ነበር። እሱ እየዋሸ ቁጥሩን ሲጠራ እሷ እንዳይለወጥ እየጸለየች ትጽፍ ነበር። ቅጹ ሥር ፊርማዋ አለበት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነጭ የደም ሕዋሱ ከሞላ ጎደል አልቆ ተገኘ። ወዲያው ግሉኮስ ተሰካ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ገባ። ሐኪሙ ለሜትሯ በቀስታ «እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው፤ በሰዓቱ ደርሳችኋል» አላት። ሹፌሩ ከአልጋው ሰምቶ ኖሮ፣

«ሰማሽ? በሰዓቱ!» አላት።

ስድስተኛው ዙር በአሥር ቀን ተገፋ። የፈራው ሁሉ አንድ ሳይቀር ደረሰበት፤ ተወሰደ፣ ተኛ፣ ተገፋ። ያልደረሰበት ያልፈራው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ ነርሷ መጥታ «እንዴት ዋሉ?» አለችው። እንደ ልማዱ «ደ...» ሲል ከሚስቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«...አፌን ያመኛል» አለ። «ስውጥ ይወጋኛል። የጣቶቼ ጫፍ ይደነዝዘኛል፤ ሸሚዝ መቆለፍ አቅቶኛል። ሽንት ቤት ከሄድኩ አራተኛ ቀኔ ነው።»

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይህን ሁሉ እስካሁን የት አስቀምጠውት ነበር? ለድርቀቱም ለመደንዘዙም እኮ የምናደርገው ነገር አለን።»

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ተገልብጧል። ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ፋብሪካ ድረስ ይደውልላታል፦ ሠላሳ ስድስት ከስምንት፤ ሠላሳ ስድስት ከአራት፤ አሁን አስነጠሰኝ፤ ውሃው ሦስተኛ ብርጭቆ ላይ ነው፤ ሾርባው ካርቶን ካርቶን ይላል። የፋብሪካው ሴቶች ስልኳ ሲጮህ «ሬዲዮሽ ተከፈተ» ይሏታል። በሆዷ «ያ ዝምታው እንዴት ደስ ይል ነበር!» ትላለች፤ ደግሞ ወዲያው ጣቷን ትነክሳለች።

ስድስተኛው ዙር ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የዕለቱን ሪፖርት ጨርሳ ስትመዘግብ ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ።

«ሌላም አለ» አላት። «ዛሬ ፈርቼ ነበር።»

ዞር ሳትል እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከምሳ በኋላ። ሚጣ ተኝታ ሳለ። ባልድንስ ብዬ።»

ጻፈችው። ትንሽ ቆም አለችና ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመረች።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት አንገቱን አስግጎ።

«የኔ ነው» አለች። «እኔ የፈራሁት ከቁርስ በፊት ነበር።»