ማስተዋል ቦራን የፈታች ለት

እንጅባራ ዳር የሚኖረው ፈረሰኛው ይኸነው የሚሳሳላቸው ሁለት ነበሩ፤ ሚስቱ ማስተዋልና ቦራ የተባለው ፈረሱ። ማን እንደሚበልጥበት ማስተዋል ጠይቃው አታውቅም፤ መልሱን ትፈራዋለቻ። ለሷ ነጠላ ለመግዛት ዓመት የሚያስብ ሰውዬ፣ ለቦራ ልጓም ሲሆን ዳንግላ ድረስ ይሄዳል።

በ2008 የጥር ፈረስ በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት ይኸነው ቦራን ጭኖ እንዳበቃ ደረቱን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። በዚያ ውርጭ ላቡ ይንጠባጠባል።

"ምነው?" አለችው።

"ብርድ ነው። ደረቴን ተጭኖኝ ግራ ክንዴን ያደነዝዘኛል። ትንሽ ስጋልብ በላብ ይወጣልኛል።"

ፈረሰኛ መቼም የማይጋልበው በሽታ ያለ አይመስለውም። ማስተዋል ግን የጤና ኤክስቴንሽኗ ወርቅአየሁ ቤታቸው መጥታ የነገረቻት ትዝ አላት። ደረት ተጨምድዶ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብም ካጠመቀ፣ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል፤ በሽተኛው አርፎ ይቀመጥ፣ ቶሎም ሆስፒታል ይድረስ ነበር ያለቻት።

"ተቀመጥ በሞቴ። ባጃጅ ልጥራ።"

"እኔ በባጃጅ? የአገው ፈረሰኛ ሁሉ እያየኝ?" አለና እግሩን ወደ እርካቡ ሰደደ።

ልመና ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች። ልጓሙን ከቦራ አፍ አወለቀችና ታፋውን በመዳፏ አጮለችው። ቦራ እንደ ተለቀቀ ውሻ በአጥሩ ክፍተት ፈረጠጠ።

"ገደልሽኝ፣ አንቺ ሴት" አለ ይኸነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ባጃጅ ጠርታ፣ ውስጡ ደግፋ ይዛው ሄደች። እሱ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቦራን በዓይኑ ይፈልጋል። እንደተቀየመኝ ይሞትብኛል ብላ ሰጋች።

ሆስፒታል እንደደረሱ አስፕሪን አስኝከው ኦክስጅን ሰኩለት። "የልብ ሕመም ነው። ጋልበው ቢሆን ኖሮ አንገናኝም ነበር፤ ቶሎ መምጣትዎ በጀዎት" አለው ሐኪሙ። ይኸነው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወደ ማታ ገደማ ሕመሙ ረገብ ሲልለት፣ "ቦራ የት ገባ?" አላት።

"እንጃ።"

"ጅብ ቢበላውስ?"

"ይብላው!" አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። "ፈረስ ሌላ ይገኛል። አንተን ከየት አመጣለሁ?"

ወዲያው ጎረቤታቸው ክንዴ እያለከለከ ገባ።

"እሰይ፣ ቦራ ተገኘ! ደጃፌ ታስሯል፤ ጭድ ልስጠው ወይስ ገብስ?"

ይኸነው ቀና እንኳ አላለም።

"እሱ ይቆይ" አለ። "እሷ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። መጀመሪያ ለሷ የምትበላው ፈልግላት።"