በውይይት ክበብ ያነበብኩት ልቦለድ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ ነው። ብዙ ነገር እየረሳሁ ይህን ያልረሳሁት፣ የዚያን ቀን ያህል ፈርቼ ስለማላውቅ ነው።

ያኔ መጽሐፍ እንዳይቆሽሽ በጋዜጣ እንሸፍን ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ነበሩኝ፤ አንዱ ለሰኞው የውይይት ክበብ የታደለን የፖለቲካ ትምህርት፣ ሌላው ከጎረቤት የተዋስኩት ልቦለድ። ልቦለዱ ታሪኩ የትም አይሄድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እኔ ማን ነኝ? ያለ ጓደኛዬስ ማን ነኝ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል፤ በቃ። እኔ ግን ምሳዬን ትቼ ነበር የማነበው።

ያን ሰኞ የማንበብ ተራው የእኔ ነበር። ብድግ ብዬ ገለጥኩና ጀመርኩ፦ «ብዙ ሰው መሐል ስቆም እኔነቴ ይጠፋብኛል። የሚያውቀኝ አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነው…»

የተሳሳተውን መጽሐፍ ይዣለሁ! በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ተወስዶ ቀርቷል። ሁሉም የክበቡን ሰብሳቢ፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቀውን ጓድ ቶላን አየ።

ጓድ ቶላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች፣ ይህ የንዑስ ከበርቴ ግለኝነት ነው። ጓድ ሙሉ ሂስ እንድንሰጥበት ነው ያመጣችልን። መልካም አደረግሽ፣ ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ምስኪን ገጸ ባሕርይ ላይ ወረድንበት። አንዱ «ይደራጅ» አለ፣ ሌላው «እርሻ ይላክ» አለ። እኔም ነፍሴን ላድን ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

ከስብሰባው በኋላ ጓድ ቶላ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ሙሉ? ለመሆኑ ጓደኛውን ያገኘዋል?»

«ገና አልጨረስኩትም» አልኩት።

«ስትጨርሺ አውሺኝ።»

አዋስኩት። መጽሐፉ እሱ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰነበተ፣ ወዳጅነታችን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ ሲያሻን መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ መጽሐፍ እንከራከራለን። አንድ ቀን «ያኔ አልፈራህም ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «እጄን ጠረጴዛው ሥር የደበቅኩት ለምን መሰለሽ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከአዳራሹ ሁሉ ያን የልቦለዱን ሰው «ሥራ ፈት» ብዬ የሰደብኩት እኔ ነበርኩ፤ የሚናገረውን የተረዳሁትም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።