የስፌት ቤቱ ደቦ

ለአባቴ ከምልከው ደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ክልላችን በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ውስጥ ያጋጠመኝን ሳስበው አሁንም ደስ ስለሚለኝ ነው።

ድሮ በየበረንዳችን፣ በየራሳችን የስፌት መኪና ለየደንበኛችን ነበር የምንሰፋው። ክልሉ ሲመጣ ተደራጁ ተባልንና አንድ ቤት ተሰጥቶን ማኅበር ሆንን። ወዲያው የየወረዳው ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ አዘዘን። ሊቀመንበራችን እትዬ አልማዝ ጠዋት ጠዋት ሰብስበው ሥራው የት እንደደረሰ በየተራ ይጠይቁናል፤ ቆመን ነው። “ከተቀመጣችሁማ ወሬ ነው” ይላሉ።

ቤቱ አንድ ቢሆንም እኛ ግን ገና ከበረንዳችን አልተነሳንም ነበር። እያንዳንዷ የመጣችበትን ወረዳ ልብስ ይዛ ተቀመጠች። እማ ሐዋ የሆሞሻን፣ እኔ የባምባሲን፣ ሌላዋ የቶንጎን። ሁሉም ተጀመረ፣ አንዱም አላለቀ። ኮሌታ የሌለው፣ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ ተከመረ። በቁልፍ ቀዳዳ መስፊያዋ መኪና ደግሞ፣ አንድ ብቻ ስለነበረችን፣ በየቀኑ ጠብ ነው።

ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ የሆሞሻው ርዕሰ መምህር መጥተው ክምሩን አዩ። “በዚህ ሳምንት ካልደረሰ ከነጋዴ እንገዛለን” ብለው ሄዱ። ሌሎቹም እንደዚያ ካሉ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።

በማግስቱ ተራዬ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው “ደህና ነው” ልል ነበር። ግን፣ “በደቦ የሁሉም ማሳ ባንድ ጊዜ አይታረምም። ያንዱ ሲያልቅ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። የኔን ባምባሲ ልተወው፤ ሁላችንም የሆሞሻን እንጨርስ” አልኩ።

“ጉድ ፈላ! ጫልቱ አፍ አላት ለካ!” አለች አንዷ። ሳቁብኝ። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

እማ ሐዋ ግን አልሳቁም። የበርታ ሴት ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ነው የሚሉት።

“የአገርህን ልጆች ትተህ ለኔ ትሰራለህ?” አሉኝ።

ባምባሲ አባቴ ዘንድ ያለችው ታናሽ እህቴ ልብሷን እየጠበቀች ነበር። “አዎ። ቀጥሎ ግን የኔን” አልኩ።

“ወላሂ፣ እንሰራለን።”

እትዬ አልማዝ ራሳቸው መቀስ ያዙ። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ ሆነን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን ተመሰቃቀለ፤ እኔ ራሴ የቀኙን እጅጌ በግራ እየሰፋሁ ስተረትር ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስንቆም ሥራ የበዛባትን እያየን እናግዛት ጀመር። የሆሞሻው በሳምንቱ ማብቂያ ተጫነ። ወዲያው ሁሉም ወደ ባምባሲው ልብስ ዞሩ፤ እሱም ትምህርት ሳይከፈት አለቀ።

ዓይናፋርነቴ ዛሬም አልለቀቀኝም። ተራዬ ሲደርስ ግን ያሰብኩትን እናገራለሁ። በዚያ ጠዋት ስለደፈርኩ እኮራለሁ።

የባምባሲን ልብስ እንዳደርስ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ጭነት መኪናው ሊነሳ ሲል እማ ሐዋ በመስኮቱ እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

“ለአባትህ ሰላም በል። ‘አሶሳ ላይ ደቦ ጠራሁ፣ ሁሉም መጡ’ በለው።”