ፒ እና ኤች በበቆጂ ስልክ ቤት

በበቆጂ ስልክ ቤት አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነበር። ያን ወንበር ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። ልጆቼ «ደግሞ ምን ነካህ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንድ ሽማግሌ እዚያ ላይ አስቀምጬ ምን እንዳደረግኩ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ ስልከኛ። የበቆጂ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ በመስኮት ብታዩ ገብስና ጉም ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው። ስቀመጥ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ስነሳ መሄጃ የለኝም። አዲስ አበባ ላይ ለውጭ አገር መስመር ስልከኞች በፈተና ሊቀጠሩ ነው ሲባል የሰማሁ ቀን ጭራሽ አበድኩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ካለፍኩ እወጣለሁ፣ ከወደቅኩ እዚሁ ጉም ውስጥ እቀራለሁ።

የአሰላው ስልከኛም እንደኔው ልውጣ ልውጣ የሚል ነበር። ተዋጥተን አንድ ዲክሽነሪ ገዛን። እሱ አሰላ፣ እኔ በቆጂ፤ እንዴት ይሁን? በካራ ከመሐሉ ሰነጠቅነውና እንደ ቅርጫ ተካፈልነው! ከኤ እስከ ኤል ለእሱ፣ ከኤም እስከ ዜድ ለእኔ ደረሰ።

አሰላ የተመደበ አንድ አስተማሪ ደግሞ ለባልደረባዬ ምክር ሰጠው። «ረጃጅሞቹን ያዙ፤ በተለይ ፒ እና ኤች ጎን ለጎን የቆሙባቸውን። የተማረ ሰው የሚለየው በእነሱ ነው» አለው። አቤት የያዘን አባዜ! መስመሩ ባዶ ሲሆን እጀታውን አዙሬ እጠራዋለሁ። እሱ ከግማሹ ያነብልኛል፣ እኔም ከግማሼ አነብለታለሁ፤ በማግስቱ እንጠያየቃለን። ሠላሳ ቃል ሳይሞላ ስልኩን መዝጋት ክልክል ነው ብለን ተማምለናል።

«አምፊቢየስ!»

«በውኃም በየብስም የሚኖር! በል አንተ፣ ፎስፎረሰንስ!»

«በጨለማ የሚያበራ። ካታስትሮፊ!»

«ታላቅ ጥፋት። ፊዚዮግኖሚ!»

«የሰውን ጠባይ ከፊቱ አይቶ ማወቅ።»

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገቡ። ራሳቸው ላይ ጥምጥም፣ እጃቸው ላይ ዱላ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ውጭ የታሰረው ፈረሳቸው ላቡ ይጨሳል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ መዳፌን አነሳሁባቸውና «መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ!» አልኳቸው። የገበያ ሰው ናቸው፣ ነጋዴን የገብስ ዋጋ ሊጠይቁ ነው ብዬ። ፊታቸውን አላየሁም። እሳቸውም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ገና አሥራ አንደኛው ቃል ላይ ነበርን። እየተንጎራደድኩ፣ የስልኩ ገመድ እስከሚደርስ ሄጄ እየተመለስኩ፣ እየጮህኩ ቀጠልኩ። «ፊላንትሮፒስት!» አልኩት። ረሳው። ሳቅኩበት። «ሰውን የሚወድ ነው አንተ ደደብ! በራሱ ደክሞ ሌላውን የሚረዳ!» ደጋግሜ አስባልኩት። ሠላሳው እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ ዞር ብዬ «አቤት አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አልኩ።

«አሰላ፣ ሐኪም ቤት» አሉ። «ልጄ ምጥ ይዟት ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። መኪናዋን ላኩልኝ ልላቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ይታያችሁ፣ እኔው አጥፍቼ እኔው ስጮህ!

«ወላሂ ልናገር ነበር» አሉ ረጋ ብለው። «በፈረንጅ አፍ ስትነጋገሩ ሰማሁና የመንግሥት ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩ። የመንግሥት ጉዳይ ይቋረጣል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን በስልክ እንግሊዝኛ የሰማ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ሚኒስትር ያለ ይመስለው ነበር። እኔም ያን አውቃለሁ፤ አውቄም ሰው ሲገባ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። ኩራት ነበረችኛ!

ወዲያው አገናኘኋቸው። ከአሰላ የተነሳችው ላንድሮቨር በዚያ ጭቃ መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅታ በደጄ ወደ ሽማግሌው መንደር አለፈች። እኔ ያን ቀን አንዴ ደጅ አንዴ ቤት ስል ዋልኩ። ማታ ላይ ሾፌሩ ልጅቷን ወደ አሰላ ይዞ ሲመለስ እየመጣን ነው ብሎ ለሐኪም ቤቱ ለመደወል ገባ። «እሷስ ትተርፋለች» አለኝ። «ሕፃኑ ግን ሞቶ ነው የደረስነው። ገላው ገና ትኩስ ነበር። ትንሽ ቀደም ብንል ኖሮ…» ከንፈሩን መጠጠና ስልኩን አንስቶ ማዞር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ዲክሽነሪዬን አልከፈትኩትም፤ ግን ቃላቱ ከጭንቅላቴ አልወጡም። ፈተናውን አለፍኩ። አዎ፣ አለፍኩ። ዕቃዬን ልሸክፍ በቆጂ በተመለስኩበት ሳምንት ሽማግሌው አንድ ቅል ማር ይዘው መጡ። አግዳሚው ላይ፣ እዚያው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ድናለች። ትንሹን አላህ ወሰደው፤ ምን ይደረግ» አሉ። «አንተ ባትጠራልኝ እሷንም አጣት ነበር። ዕድሜህን ያርዝመው።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «አሜን» ብቻ አልኩ። ማሩን ተቀበልኩ።

ሽማግሌው ወደ ስልኩ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ያን ለት የመንግሥቱን ጉዳይ አቋርጬባችሁ ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ» አሉኝ። «በደህና አለቀ?»

«አለቀ፣ አባባ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።